ናግልስማንን ማሰናበት ባየርንን አላዳነም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የጀርመኑ እግር ኳስ ክለብ ባየርን ሙኒክ በማርች 2023 አሰልጣኙን ዩሊያን ናግልስማንን አሰናብቶ ቶማስ ቱሄልን የቀጠረበትን ውሳኔ የሚያወድስ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቡድኑ ቁልቁል እየወረደ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ከዋክብት ሁለተኛ መሆን የአሰልጣኙ ጥፋት ነው፤ አሰልጣኙ የመልበሻ ክፍሉን አመኔታ አጥቶ ነበር፤ ቱሄል ያለ ሥራ የተገኘበት አጋጣሚ ሊያመልጥ አይገባም ነበር፤ ባየርን በድንገት አሰልጣኝ ሲቀይር ሁልጊዜ ይሳካለታል፤ የዚህም ማረጋገጫ በዓመቱ መጨረሻ የተነሳው የሊጉ ዋንጫ ነው። ጸሐፊው ክለቡን እንደሚወዱ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። እኔም ይህን ክለብ ለብዙ ዓመታት በፍቅር ስለተከታተልኩ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ፤ ምክንያቱም ያ ሳምንት በእኔ እምነት ክለቡ ራሱን ከጎዳባቸው ሳምንታት አንዱ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ሙግታቸውን የሚጀምሩት ከውጤት ነው። ለኳታሩ የዓለም ዋንጫ ሊጉ ሲቋረጥ ባየርን በ15 ጨዋታ 34 ነጥብ ይዞ ይመራ ነበር፤ ዶርትሙንድ በዘጠኝ ነጥብ ርቆ 25 ላይ ነበር። ማርች 19 ቀን ባየርን በሌቨርኩዘን 2 ለ 1 ሲሸነፍ ደግሞ ዶርትሙንድ በ53 ነጥብ አናት ላይ ወጥቶ ባየርን በ52 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። ይህ ሐቅ ነው፤ ልክደውም አልፈልግም። ከእረፍቱ በኋላ በነበሩት 10 የሊግ ጨዋታዎች ባየርን ያገኘው 18 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ዓመቱን የጀመረውም ከላይፕዚግ፣ ከኮሎኝ እና ከፍራንክፈርት ጋር በተከታታይ 1 ለ 1 እየተለያየ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የሒሳቡን ሌላውን ግማሽ ሳያነሱት አልፈዋል። በእነዚያው 10 ጨዋታዎች ዶርትሙንድ ዘጠኙን አሸንፎ አንዱን በአቻ ውጤት በመጨረስ ከ30 ነጥብ 28ቱን ሰብስቧል። ተፎካካሪው እንዲህ ሲገሰግስ ማንም መሪ ቢሆን ልዩነቱ መጥበቡ አይቀርም፤ ስለዚህ የጠፋውን ዘጠኝ ነጥብ በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

በዚያው ጊዜ በአውሮፓ መድረክ የነበረው ሁኔታ ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አላገኘም። ባየርን ባርሴሎናና ኢንተር ሚላን ባሉበት ምድብ ስድስቱንም ጨዋታ አሸንፎ፣ በጥሎ ማለፉም ፓሪ ሴን ዠርሜንን በፓሪስ 1 ለ 0፣ በሙኒክ 2 ለ 0 ረትቶ ነበር። ስምንት ጨዋታ፣ ስምንት ድል፣ በጠቅላላ የተቆጠረበት ግብ ሁለት ብቻ። በጀርመን ዋንጫም ሩብ ፍፃሜ ደርሶ ነበር። አሰልጣኙ ሲሰናበት ቡድኑ ከአንድም ውድድር አልወጣም፤ በሊጉ የቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች ነበሩ፤ የሚቀጥለውም ጨዋታ በገዛ ሜዳው ከመሪው ዶርትሙንድ ጋር ነበር። ይህን ሁኔታ «ውድቀት» ብሎ መጥራት ቃሉን ከትርጉሙ ማውጣት ነው። ናግልስማን በባየርን በመራቸው 84 ጨዋታዎች የተሸነፈው 10 ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ ሁሉ ከዋክብት ሁለተኛ መሆን የአሰልጣኙ ጥፋት ነው የሚለው አስተያየት ስለ ስብስቡ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል። ባየርን በ2022 ክረምት ያጣው ባለፈው የውድድር ዓመት በሊጉ ብቻ 35 ግብ ያስቆጠረውን ሮበርት ሌዋንዶቭስኪን ነው። በእርሱ ቦታ እውነተኛ የመሐል አጥቂ አልተገዛም። ከሊቨርፑል የመጣው ሳዲዮ ማኔ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ይሁን እንጂ ጨዋታው ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ አጥቂ ጨዋታ አይደለም፤ በኖቬምበርም በደረሰበት ጉዳት ለወራት ከሜዳ ርቋል። ስለዚህም የባየርንን የፊት መስመር የመምራት ኃላፊነት በ33 ዓመቱ ኤሪክ ማክሲም ቹፖ ሞቲንግ ላይ ወደቀ፤ እርሱም ከተጠበቀው በላይ ሠራ። በዚያ ዓመት በሊጉ የቡድኑ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሰርጅ ናብሪ ሲሆን ያስቆጠረው 14 ነው። 35 እና 14ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ጥያቄውን ከአሰልጣኙ በፊት ተጫዋች ለሚገዛው አካል ማቅረብ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ተከላካዩ ሉካስ ኤርናንዴዝ በዓለም ዋንጫው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ የውድድር ዓመቱ በዚያው አበቃ፤ አምበሉና ግብ ጠባቂው ማኑኤል ኖየር በዲሴምበር በበረዶ ሸርተቴ ላይ እግሩ ተሰበረ፤ በእርሱ ቦታ ግብ ጠባቂው ያን ሶመር በጃንዋሪ ከሞንሸንግላድባህ በጥድፊያ ተገዛ።

ናግልስማን ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። የቡድኑን አሰላለፍ በየጊዜው ይለዋውጥ ነበር፤ አንዳንድ ጨዋታዎች ላይ ተጫዋቾቹ ሐሳቡን ሲያሳድዱ እንጂ ሲጫወቱ አይታዩም ነበር። በፌብሯሪ 18 ቀን በግላድባህ 3 ለ 2 በተሸነፉበት ጨዋታ የባየርኑ ተከላካይ ኡፓሜካኖ ገና በስምንተኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ሲወጣ፣ አሰልጣኙ በዳኞቹ ላይ ያሳየው ቁጣና የተናገረው ቃል ለባየርን አሰልጣኝ የማይመጥን ነበር፤ ተቀጥቶበታልም። ለሌቨርኩዘኑ ሽንፈትም ኃላፊነቱ የእርሱ ነው፤ ቡድኑ በኪሚሽ ግብ እየመራ ሳለ ከእረፍት በኋላ ተንቀራፍፎ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ሰጥቷል፤ ሁለቱንም ፓላሲዮስ አስቆጥሯል። እነዚህ ጥፋቶች በሥራ ላይ የሚታረሙ ናቸው። የ33 ዓመት አሰልጣኝ በአምስት ዓመት ውል ሲቀጠር፣ ከላይፕዚግ ለማስለቀቅም እስከ 25 ሚሊዮን ዩሮ ሊደርስ እንደሚችል በሰፊው የተዘገበ ካሳ ሲከፈል፣ ክለቡ አብሮ ሊያድግ የወሰነው ከእነዚህ ድክመቶቹም ጋር ጭምር ነበር።

ወደ መልበሻ ክፍሉ ጉዳይ ልሂድ። ጸሐፊው «ተጫዋቾቹ ፊታቸውን አዙረውበት ነበር» ሲሉ እንደ ተረጋገጠ ነገር ያቀርቡታል። ያዘነበትና የተቆጣበት ተጫዋች ነበር፤ ኖየር የቅርብ ወዳጁ የሆነው የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ ቶኒ ታፓሎቪች በጃንዋሪ ሲሰናበት ምሬቱን ለጋዜጦች በግልጽ ተናግሯል። በሌላ በኩል ግን የመሐል ሜዳው ምሰሶ ጆሹዋ ኪሚሽ ስንብቱ እንደተሰማ ከብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ሆኖ ናግልስማን አብረውት ከሠሩት ምርጥ አሰልጣኞች ተርታ የሚመደብ መሆኑን መስክሯል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ፍቅርና ልብ ማነሱም እንደሚያሳዝነው አልደበቀም። 25 ተጫዋች ባለበት ክፍል ሁሉም አሰልጣኙን የሚወድበት ዓመት በባየርን ታሪክ አልነበረም። ጸሐፊው ደግሞ ቱሄል ከመጣ በኋላ «ሰላም ሰፈነ» ይላሉ። እውነታው ግን ኤፕሪል 11 ቀን ቡድኑ በማንችስተር ሲቲ 3 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ማኔ በቡድን አጋሩ ሌሮይ ሳኔ ላይ ጥቃት መሰንዘሩ የተዘገበ መሆኑ ነው፤ ክለቡም ማኔን በገንዘብ ቀጥቶ ከሚቀጥለው የሆፈንሃይም ጨዋታ ውጭ አድርጎታል። ይህ የሆነው አዲሱ አሰልጣኝ ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቱሄልን ለዚህ አልወቅሰውም፤ ነገር ግን የመልበሻ ክፍሉ ችግር በናግልስማን ስም የሚጠራ ችግር አልነበረም ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

«ቱሄል ዛሬ ባይወሰድ ነገ ሌላ ክለብ ይወስደው ነበር» የሚለው ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ በቅን ልቦናም ሊመዘን ይገባዋል። ቱሄል ታላቅ አሰልጣኝ ነው። በጃንዋሪ 2021 በውድድር ዓመቱ አጋማሽ ላይ ወደ ቼልሲ ሄዶ በሜይ 29 ቀን በፖርቶ የቻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አንስቷል፤ የባየርን አመራሮችም ይህንኑ ተአምር በሙኒክ ለማየት ጓጉተው እንደነበር መገመት አያዳግትም። (በነገራችን ላይ የሁለቱ አሰልጣኞች ታሪክ ልብ የሚነካ ነው፤ ናግልስማን በአውግስቡርግ ሁለተኛ ቡድን ሳለ በጉልበት ጉዳት መጫወት ሲያቅተው የተጋጣሚዎችን አጨዋወት እንዲያጠና ያሰማራው፣ በዚህም ወደ አሰልጣኝነት መንገድ ያስገባው የያኔው አሰልጣኙ ቱሄል ነው።) ይሁንና የቼልሲውና የባየርኑ ሁኔታ አይመሳሰሉም። ቱሄል በቼልሲ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ጥሎ ማለፍ ጨዋታ ያደረገው ሥራ ከጀመረ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በሙኒክ ማርች 24 ቀን ተቀጠረ፤ ኤፕሪል 1 ቀን ዶርትሙንድን ገጠመ። የብሔራዊ ቡድኖች እረፍት ጊዜ ይሰጠዋል የተባለው ስሌት ደግሞ ከመነሻው የተሳሳተ ነበር፤ በዚያ እረፍት አብዛኞቹ ተጫዋቾች በየአገራቸው ተበትነው ስለነበር አዲሱ አሰልጣኝ ቡድኑን በሙሉ አግኝቶ ያሠለጠነው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በ22 ቀን ውስጥ ሰባት ጨዋታ ተደረደረለት። ልምምድ ሜዳ ላይ ሐሳቡን የሚያሰርጽበት ጊዜ አልነበረውም።

ውጤቱም ይታወቃል። ኤፕሪል 4 ቀን ባየርን በገዛ ሜዳው በፍራይበርግ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከጀርመን ዋንጫ ወጣ፤ የመጨረሻዋ ግብ በጭማሪ ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት የተቆጠረች ነበረች። ኤፕሪል 19 ቀን ከሲቲ ጋር በመልሱ 1 ለ 1 ተለያይቶ በድምሩ 4 ለ 1 ከቻምፒዮንስ ሊግ ተሰናበተ። ቱሄል በተቀጠረ በ26ኛው ቀን ናግልስማን ካስረከበው ሦስት ውድድር የቀረው አንዱ ብቻ ነበር። ሲቲ በዚያ ዓመት ሦስቱንም ታላላቅ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነውና ናግልስማን ቢኖርም ባየርን ሊሸነፍ ይችል ነበር፤ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም የለውጡ ዓላማ ይህንኑ ዓይነት ጨዋታ ማሸነፍ ነበር።

ስለ ታሪክ የተሰነዘረው ክርክር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ጸሐፊው ሁለት ምሳሌ ያቀርባሉ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በሴፕቴምበር 2017 አንቸሎቲ ተሰናብቶ ዩፕ ሃይንከስ ከጡረታ ተጠርቶ መጣና ሊጉን በ21 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። በኖቬምበር 2019 ኮቫች ከፍራንክፈርቱ የ5 ለ 1 ሽንፈት በኋላ ተሰናብቶ ሃንሲ ፍሊክ ተተካ፤ በዚያው የውድድር ዓመት ሦስቱ ዋንጫዎች ሙኒክ ገቡ። ነገር ግን ሁለቱም ለውጦች የተደረጉት በመፀው፣ ሊጉ ገና ሳይጋመስ ነው። ሁለቱም ተተኪዎች ቤቱን ያውቁታል፤ ሃይንከስ በ2013 ሦስቱን ዋንጫ በአንድ ዓመት ያነሳ ሰው ነው፤ ፍሊክ ደግሞ የኮቫች ምክትል ሆኖ ከተጫዋቾቹ ጋር በየዕለቱ ይሠራ ነበር። ከዚህ ይልቅ ለ2023ቱ ውሳኔ የሚቀርቡት ጸሐፊው ያልጠቀሷቸው ሁለት ለውጦች ናቸው። በኤፕሪል 2009 ክሊንስማን አምስት ጨዋታ ሲቀር ተሰናበተ፤ ዋንጫውን ያነሳው ቮልፍስቡርግ ሲሆን ባየርን ሁለተኛ ሆነ። በኤፕሪል 2011 ቫን ሃል ተሰናበተ፤ ባየርን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ የክለቡ የቅርብ ታሪክ የሚመሰክረው በመፀው የሚደረግ ለውጥና በፀደይ የሚደረግ ለውጥ አንድ እንዳልሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋንጫው ልምጣ፤ የጽሑፉ ምሰሶ እርሱ ነውና። ሜይ 27 ቀን ባየርን ኮሎኝን 2 ለ 1 አሸንፎ በተከታታይ ለ11ኛ ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። «ውሳኔው ትክክል መሆኑን ዋንጫው ይመሰክራል» ይላሉ ጸሐፊው። ቁጥሮቹ ግን ሌላ ነገር ይመሰክራሉ። ናግልስማን በ25 ጨዋታ 52 ነጥብ አገኘ፤ ይህም በአማካይ በጨዋታ 2.08 ነጥብ ነው። ቱሄል በዘጠኝ ጨዋታ 19 ነጥብ አገኘ፤ ይህም 2.11 ነው። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። ሁለቱ ቡድኖች እኩል 71 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ ዶርትሙንድ ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች 18 ነጥብ አግኝቷል፤ ባየርን በዘጠኙ ጨዋታ ከተፎካካሪው የበለጠው በአንዲት ነጥብ ነው ማለት ነው። ያቺም የመጣችው ዶርትሙንድ በኤፕሪል 1 ቀን በሙኒክ 4 ለ 2 ከተሸነፈበት ጨዋታ ነው፤ በዚያ ዕለት የመጀመሪያዋ ግብ የገባችው ግብ ጠባቂው ኮበል ኳሷን ስቶ በራሱ መረብ ላይ በመድረሷ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ጨዋታዎች ባየርን 16፣ ዶርትሙንድ 18 ነጥብ ሰብስበዋል። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ባየርን በማይንዝ 3 ለ 1፣ በላይፕዚግም በገዛ ሜዳው 3 ለ 1 ተሸንፏል።

ዋንጫውን የለየው የግብ ክፍያ ነው። ባየርን በጠቅላላ 92 ግብ አስቆጥሮ 38 ተቆጥሮበት በ54 የግብ ክፍያ ጨረሰ፤ ዶርትሙንድ 83 አስቆጥሮ 44 ተቆጥሮበት በ39። አሁን የባየርንን ቁጥር ለሁለት እንክፈለው። በናግልስማን 25 ጨዋታዎች 72 ግብ ተቆጥሮ 27 ገብቷል፤ ትርፉ 45 ነው። በቱሄል ዘጠኝ ጨዋታዎች 20 ተቆጥሮ 11 ገብቷል፤ ትርፉ ዘጠኝ ነው። ናግልስማን ሲሰናበት የተወው 45 ብቻውን ዶርትሙንድ ዓመቱን ሙሉ ካጠራቀመው 39 ይበልጣል። ዋንጫው በግብ ክፍያ ተገኘ ከተባለ ያንን የግብ ክፍያ ማን እንደገነባው መጠየቅ ግድ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሱም።

የመጨረሻውን ቀን የተመለከተ ሰው ደግሞ ዋንጫው ምን ያህል በክር ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያውቃል። ዶርትሙንድ በገዛ ሜዳው ማይንዝን ቢያሸንፍ ሁሉ ነገር በእጁ ነበር፤ ሀለር ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። በ81ኛው ደቂቃ ኮሎኝ በፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ሲያደርግ፣ ዶርትሙንድ እየተመራ እንኳ ሻምፒዮን የሚሆንበት ሰንጠረዥ ተፈጠረ፤ በ70 ነጥቡ ከባየርን 69 ይበልጥ ነበርና። ለስምንት ደቂቃ ያህል ዋንጫው የዶርትሙንድ ነበር። ከዚያ ጃማል ሙሲያላ በ89ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ያችን ግብ ሳያት ከደስታዬ የተነሳ መቀመጫዬ ላይ መቆየት አልቻልኩም፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ውሳኔው ትክክል ነበር የሚል ሐሳብ በልቤ አልመጣም። የአንድ የ20 ዓመት ልጅ ጥበብና የዶርትሙንድ ፍርሃት ያመጡትን ነገር ለአመራር ብልህነት ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

አመራሩ ራሱም በዚህ ዋንጫ አልዳነም። ዋና ሥራ አስፈፃሚው ኦሊቨር ካንና የስፖርት ኃላፊው ሀሰን ሳሊሃሚድዚች፣ ናግልስማንን ያሰናበቱት ሁለቱ ሰዎች፣ ዋንጫው በተነሳበት በዚያው ዕለት ከኃላፊነታቸው መነሳታቸው ተነገረ። የክለቡ የበላይ አካል ውሳኔው ትክክል ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ ሻምፒዮን የሆነ አመራር በዋንጫው ምሽት አያሰናብትም ነበር። ስንብቱ የተፈጸመበት መንገድም ቅር ያሰኛል። ናግልስማን ለአጭር እረፍት ወደ ኦስትሪያ ተራሮች በሄደበት፣ ማርች 23 ቀን ማታ ዜናው በመገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ፤ ክለቡ ፊት ለፊት ያናገረው በማግስቱ ነው። ካንም ዜናው ቀድሞ መውጣቱ እንዳሳዘነው ተናግሯል። ባየርን ራሱን እንደ ቤተሰብ የሚያይ ክለብ ነው፤ ቤተሰብ ልጁን እንዲህ አይሸኝም።

ጸሐፊው በመደምደሚያቸው «ቱሄል በቂ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ ሁሉም ይስተካከል ነበር» ይላሉ። ይህ አባባል የራሳቸውን ሙግት ያፈርሰዋል፤ ለቱሄል የጠየቁትን ጊዜ ለናግልስማን ነፍገውታልና። በ2023/24 ሃሪ ኬን በሊጉ 36 ግብ አስቆጥሮ እንኳ ባየርን በሦስተኛ ዲቪዚዮኑ ሳርብሩከን ከዋንጫ ተባረረ፤ የተጠየቀው የመከላከያ አማካይ ፓሊኛ በዝውውሩ የመጨረሻ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ በፌብሯሪ 2024 የቱሄል ስንብት ለዓመቱ መጨረሻ ታወጀ። ቡድኑ በ72 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ያለ አንዳች ዋንጫ ሲጨርስ ሊጉን ሳይሸነፍ በ90 ነጥብ የወሰደው ሌቨርኩዘን ነበር። ናግልስማንን ያሰናበተችው የማርች 19ኗ ሽንፈት የደረሰችው በዚሁ በዣቢ አሎንሶ ቡድን እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ቪንሰንት ኮምፓኒ ከወራጁ በርንሌይ መጣ። በመጀመሪያው ዓመቱ በባርሴሎና 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በዲሴምበር 2024 በገዛ ሜዳው በሌቨርኩዘን ተረትቶ ከጀርመን ዋንጫ ወጣ፤ በአውሮፓም በሩብ ፍፃሜው ለኢንተር እጅ ሰጠ። ውጤቱ በአንዳንድ ወራት ከናግልስማን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚሻል አልነበረም። ክለቡ ግን በዚህኛው ጊዜ አሰልጣኙን አልነካውም፤ በሜይ 2025 ዋንጫው ወደ ሙኒክ ተመለሰ።